በዳገት የሚወርድ መርፌ

ጋሽ ጆሮ በዳገቱ ግርጌ ካለው ነዳጅ ማደያ የገቡት ነዳጅ ፈልገው አልነበረም። መንገድ ላይ ቆመው ሳለ የመኪናቸው የዘይት ግፊት መለኪያ መርፌ ወደ አንድ ወርዶባቸው፣ ከመደርደሪያው ወፍራሙን ዘይት መርጠው ሊገዙ ነው። መካኒክነትን አርባ ዓመት ኖረውበታል። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው፤ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው በሽታውን ይናገሩ ነበርና። ብዙ ጊዜም ልክ ነበሩ። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ልክ የሆነን ሰው ማን ደፍሮ ያርመዋል?

ባለቤታቸው መኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ከተጋረዱ ሦስት ዓመት አለፋቸው። ከዳገቱ ማዶ ባለው ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ሰባት ወር ወረፋ ጠብቀው፣ ተራቸው የደረሰው ለነገ ጠዋት ነው። ተራው ያለፈበት ሰው እንደገና ከወረፋው ጭራ ይጀምራል።

ጋሽ ጆሮ ዘይቱን ይዘው ሲወጡ፣ ጎማው ከፈነዳ አውቶቡስ አጠገብ አንዲት ሴት ካርቶን ታቅፋ ቆማ አዩ። የእህታቸው ልጅ ናት። በሙያ ትምህርት ቤት ስለ ሞተር የምታስተምር ስትሆን፣ ለተማሪዎቿ የዘይት ግፊት መለኪያ ገዝታ እየተመለሰች ነበር።

«ነይ ግቢ፣ እኛም ወደዚያው ነን» አሏት ሰላምታው ሲያልቅ። «ብቻ አንዴ ታገሺኝ፣ ይህን ላጠጣው። መርፌው ሰንፎብኛል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አጎቴ፣ የሰነፈው መቼ ነው?»

«መቼ ይሆናል? ስቆም ነዋ! የትራፊክ መብራት ሲይዘኝ አንድ ላይ ይወርዳል። ጠዋት ሳስነሳው ግን እንደ ጎረምሳ ስድስት ላይ ነበር።»

«ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡትስ ስንት ይላል?»

ጋሽ ጆሮ ሳቁ። «ዳገት ላይ መንገዱን ልይ ወይስ መርፌውን? ያኔ የምሰማው በጆሮዬ ነው።»

እውነቱን ለመናገር የብዙዎቻችን አመል ይኸው ነው። መለኪያ የምናየው ሥራ ፈተን ስንቆም ነው፤ መለኪያው ቁም ነገር በሚናገርበት ሰዓት ደግሞ እኛ ሥራ ላይ ነን።

ልጅቷ ካርቶኑን መሬት ላይ አኖረች። «አጎቴ፣ ሞተር ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል። ነዳጅ ሳይሰጡት በሚኒሞ ሲቆም ደግሞ ዘይቱን የሚገፋው ፖምፓ በዝግታ ነው የሚዞረው። ስለዚህ መርፌው ቢወርድ ደንቡ ነው። ጠዋት ስድስት ያለውም ስለበረታ አይደለም፤ ዘይቱ ቀዝቅዞ ስለወፈረ ነው።»

«ወፍራም ዘይት ስጨምር መርፌው ከፍ ይላል። ይህን ሰው አልነገረኝም፣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እውነት ነው፣ ከፍ ይላል። ግን እስቲ ይህን ይያዙልኝ» አለችና መኪና የሚታጠብበትን የውሃ ጎማ አቀበለቻቸው። ከሥሩ ባልዲ ነበር። «ጫፉን በአውራ ጣትዎ ይጫኑት።»

ጋሽ ጆሮ ተጫኑት። ውሃው ተወንጭፎ የአውቶቡሱን መስኮት መታ፤ ውስጥ የተቀመጠ ተሳፋሪም ተሳደበ።

«ኃይሉ ጨመረ አይደል? ባልዲውስ እንዲህ ቢይዙት ቶሎ ይሞላል?»

«አይሞላም!» አሉ ባለቤታቸው ከመኪናው ውስጥ። «የሚወርደው ውሃ ቀንሷል፣ እዚህ ሆኜ ይሰማኛል።»

«እትዬ ልክ ናቸው። ግፊት ማለት የዘይቱ ብዛት አይደለም፤ ለማለፍ ሲታገል የሚያሳየው ኃይል ነው። ዘይቱ ያለ ልኩ ሲወፍር መርፌው ይኮራል፣ የሚዞረውን ብረት የተሸከመው ኩሽኔታ ግን ይጠማል። የእርስዎ ሞተር ደግሞ ሱፐርቻርጀር አለው።»

«ለዚያ አይደል የገዛሁት! ዳገቱን ይበላዋል።»

«የሚበላው አየር እየጠቀጠቀ ስለሚያጎርሰው ነው። ብዙ አየር፣ ብዙ ነዳጅ፤ ምቱ ይከብዳል፣ ሙቀቱም ይብሳል። ያንን ሁሉ ሸክም ተቀብሎ ብረትን ከብረት የሚለየው ከወረቀት የቀጠነ ዘይት ነው። እሱ በዳገት ላይ ቢጠፋ፣ ጆሮዎ ድምፅ የሚሰማው ኩሽኔታው ከተበላ በኋላ ነው። ጆሮ የሚሰማው መርዶ ነው አጎቴ። ሕመሙን አስቀድሞ የሚናገረው መርፌው ነው።»

ይህኛው ንግግር ጋሽ ጆሮን ቆረቆራቸው። ቢሆንም አርባ ዓመት በአንድ ንግግር አይፈርስም። «መርፌው ራሱ ዋሾ ቢሆንስ?» አሉ።

«እሱ ጥሩ ጥያቄ ነው። እንግዲያው ምስክር እንጥራ።» ከካርቶኑ አዲሱን መለኪያ አወጣችና በሞተሩ ላይ አብረው ገጠሙት። ሞተሩን ሲያስነሱት የመኪናውም አንድ አለ፣ አዲሱም አንድ አለ፤ መርፌው አልዋሸም።

ጋሽ ጆሮ «ይኸው፣ ወርዷል አላልኩም!» ብለው ወፍራሙን ዘይት ሊከፍቱ ሲጀምሩ፣ ባለቤታቸው አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። «አንተ ሰው፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! እኔ ዓይኔን ለሐኪም ቢላ ልሰጥ ነው፤ አንተ አንዲት መርፌ አላይም ትላለህ?»

ዘይቱ ሳይከፈት ከኋላ ተቀመጠ። ልጅቷ ከሾፌሩ ጎን ገብታ የመኪናውን መጽሐፍ ገለጠች። «ሞተሩ ሞቆ በደቂቃ ሦስት ሺህ ጊዜ ሲዞር፣ መርፌው ከሦስት እስከ አራት ሊቆም ይገባል ይላል። እርስዎ ይንዱ፣ እኔ ላንብብ።»

ዳገቱ ሲጀምር «ሦስት» አለች። ጋሽ ጆሮ «አላልኩሽም?» አሉ። ዳገቱ እየቆመ ሲሄድ ነዳጅ ጨመሩ፤ ሱፐርቻርጀሩ አፏጨ፣ መኪናውም ተስፈነጠረ። ለጆሯቸው እንደዚያ ቀን አምሮ የተሰማ ሞተር አልነበረም።

«ሁለት ተኩል» አለች ልጅቷ። ቀጥላም «ሁለት።»

ጋሽ ጆሮ እግራቸውን አላነሱም። እልህ ይዟቸዋል፤ በእህታቸው ልጅ ፊት፣ በሚስታቸው ፊት።

«አንድ ተኩል፣ አጎቴ። ዙሩ ሲጨምር መርፌው እየወረደ ነው።»

ያኔ ቀና ብለው በገዛ ዓይናቸው አዩት። ሞተሩ ያፏጫል፣ መርፌው ይወርዳል። ፈሩ። እግራቸውን ሲያነሱ መርፌው ተመልሶ ወደ ሦስት ወጣ። መኪናውን ከመንገዱ ዳር አውጥተው ሞተሩን አጠፉና መሪውን እንደያዙ ተቀመጡ። ጆሯቸው ምንም እንከን አለመስማቱ ከመርፌው ይልቅ አስደነገጣቸው።

ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ወደ ማደያው ተመለሱ። ከጥገናው ጉድጓድ በላይ አቁመው፣ ዘይቱን አፍስሰው፣ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ገንዳ ፈቱ። ጋሽ ጆሮ ጉድጓዱ ውስጥ ቆመው ባትሪ ሲያበሩ፣ ፖምፓው ዘይት የሚስብበት ወንፊት እኩሌታው በቀያይ ቁርጥራጭ ተደፍኖ አገኙት። ቀለሙን አላጡትም፤ ገንዳ የሚያሽጉበት ሲሊኮን ነው፣ በውስጥ በኩል የተረፈው ተገንጥሎ ዘይቱ ውስጥ ወድቋል። ገንዳውን አምና የገጠሙት ራሳቸው ናቸው። በጋራዣቸው «ሲሊኮን የጠገበ አያንጠባጥብም» እየተባለ፣ ማሸጊያው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይቀባል፤ በውጭ የተረፈውን በጨርቅ ይጠርጋሉ፤ በውስጥ የተረፈውን ግን ማን አይቶት?

ልጅቷ ከላይ ሆና ገንዳውን እያጠበች ነበር። ቁርጥራጩን ኪሳቸው ቢከቱት የሚያይ አልነበረም። ጋሽ ጆሮ ግን እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መዳፋቸውን ከፈቱ።

«የእኔ እጅ ሥራ ነው» አሉ።

ልጅቷ አልሳቀችም። «በሚኒሞ ፖምፓው የሚጠይቀው ጥቂት ስለሆነ ወንፊቱ ያደርሳል። ዳገት ላይ ብዙ ሲጠይቅ ግን ከየት ያምጣ? እርስዎ የፈሩት ደህናውን መውረድ ነው፣ ያላዩት የታመመውን።»

«ወፍራሙን ባፈስበትስ ኖሮ?»

«በዚህ ወንፊት ማለፍ ይብስ ይከብደው ነበር። ቆመው ሲያዩት ግን መርፌው ደስ ያሰኝዎት ነበር።»

ወንፊቱን አጠቡ። ገንዳውን ሲመልሱ ጋሽ ጆሮ ሲሊኮኑን እንደ ክር አቅጥነው ቀቡ፤ እጃቸው ማቅጠንን ስላልለመደ ሁለቴ ጠርገው እንደገና ጀመሩ። መጽሐፉ የሚለውን ዘይት ሞሉና ፀሐይ ሳትዘቅዝቅ ዳገቱን እንደገና ጀመሩ። ልጅቷ «አራት» አለች። በጠመዝማዛውም አራት፣ ከጫፉም አራት።

ከዳገቱ አናት ቆመው ሞተሩ ሲያርፍ፣ ጋሽ ጆሮ ስልካቸውን አወጡ። አምና ገንዳውን ላሸጉለት አንድ ነጋዴ ደወሉ። «መኪናህን አምጣት፤ ሲሊኮን አብዝቼባታለሁ፣ ያለ ዋጋ እከፍታታለሁ» አሉት። ሰውየው መኪናዬ ደህና ናት አላቸው። «የእኔም ደህና ነበረች» አሉት። «እስክትመጣ ዳገት ላይ መርፌውን እይ። ቆመህ ቢወርድ አትደንግጥ፤ ስትጨምር ቢወርድ ግን እግርህን አንሳ።» እንዲህ እያሉ ለዘጠኝ ሰው ደወሉ። ስማቸው ትንሽ መጉደሉ አልቀረም። ዘጠኝ ሞተር ግን ከመቃጠል ዳነ፤ ጤነኛ ሞተርም መኪናው ቆሞ ሳለ መርፌው ስለወረደ ብቻ አይፈታም፤ ወፍራም ዘይት በከንቱ አይፈስም፤ በዳገት መሐል የሚቀር ሰውም አይኖርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለሰው ብቻ አይደለም።

ቀዶ ሕክምናው በሰዓቱ ተደረገ። ባልና ሚስት በአራተኛው ቀን ሲመለሱ፣ የባለቤታቸው ቀኝ ዓይን ተከፍቶ ነበር። ከተማው መግቢያ ላይ ቀይ መብራት ያዛቸው። ጋሽ ጆሮ መርፌውን አዩት፤ አንድ ላይ ወርዷል። ደህና መሆኑን ያውቃሉ፤ ቢሆንም የአርባ ዓመት ልማድ ነውና ዓይናቸው እዚያው ቀረ።

«አንድ ነው» አሉ ባለቤታቸው በተከፈተው ዓይናቸው ወደ መለኪያው ጎንበስ ብለው። «ሞተሩ ሞቋል፣ ቆመናል። ደንቡ ነው።» ከዚያም ቀና ብለው በመስታወቱ ወደ ፊት ተመለከቱ።

«አረንጓዴ በርቷል እኮ አንተ ሰው፤ ንዳ እንጂ!»