የሃረና ማርና የአባባ ዓይን

ከሮቤ ወደ ጎባ ስንሄድ፣ ታክሲው ውስጥ አንዲት ነጋዴ አጠገቧ የተቀመጡትን ባለ ጥቁር መነጽር ሽማግሌ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ የዓይንዎ ሞራ ተነሳልዎት?»

«የአንዱ ተነሳ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ብዙም ሳይቆይ መልሶ ደበዘዘብኝ።»

«ምነው?»

«ስኳር አለብኝ። ሐኪሟ ስኳሩ የዓይንዎን ውስጥ ጎድቶታል አለችኝ።»

«ጣፋጭ አይተዉም ነበር?»

«ወላሂ ትቻለሁ! ቡናዬን እንኳ በጨው ነው የምጠጣው። ግን ሊጠይቀኝ የመጣ ዘመድ ሁሉ የሃረና ጫካ ማር ይዞ ይገባል።»

«ማር ስኳር የለውም ያለዎት ማነው?»

«ማንም አላለኝም። መድኃኒት ነው ብዬ ጠዋት ጠዋት እልሰው ነበር።»

«ሌላኛው ዓይንዎስ?»

«ዛሬ ጎባ ሆስፒታል ይለኩኛል። ስኳሬ ከወረደ ይሠሩልኛል።»

«ካልወረደስ?»

«የልጅ ልጄን በድምጿ እለያታለሁ፣ ልጄ።»

ለሰው ሁሉ ምክር የማላጣው እኔ፣ ጎባ ስንደርስ ክንዳቸውን ይዤ ከታክሲው አወረድኳቸው።