የዳኑት ብቻ የመሰከሩለት ቢላዋ

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ሀጂ ኢስሃቅን በክርክር የረታ ሰው የለም ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን ብዙ ጊዜ የሚያሸንፉት ማስረጃ በልጦላቸው ሳይሆን ተከራካሪያቸው ደክሞት ዝም ሲል ነበር። ዕድሜያቸውን አጋሮ ቡና ሲገዙና ሲሸጡ ያሳለፉ፣ የተከበሩና የተፈሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው ውስጥ እሳቸው የወሰኑትን መልሶ የሚጠይቅ አልነበረም።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ጅማ መናኸሪያ፣ የሸቤ ሚኒባስ ውስጥ ገብተው እስኪሞላ ይጠብቃሉ። አጠገባቸው ልጃቸው ማሂራ ተቀምጣለች፤ እቅፏ ውስጥ ዓመት ያልሞላው ጣሪቅ አለ። ሕፃኑ ከሳምንት በላይ ሲያስለው ሰንብቶ ከትናንት ጀምሮ ጡት ትቷል። ሲተነፍስ ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አባቱ ለሥራ ጋምቤላ ስለሆነ የወሰኑት አያቱ ናቸው፤ "እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ" ብለዋል። ሸቤ ጀማለዲን የሚባል ስመ ጥር እንጥል ቆራጭ አለ።

በዚህ መሃል ሩፈይዳ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች። በሀጂ ዓይን ፊት ያደገች የጎረቤት ልጅ ናት፤ አክስቷን ልትጠይቅ ሸቤ መሄዷ ነበር።

"አሰላሙ ዐለይኩም ሀጂ። በዚህ ዝናብ ሕፃን ይዛችሁ ወዴት ነው?"

"ወዐለይኩም ሰላም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ጀማለዲን ዘንድ ነው። የልጁ እንጥል ወርዷል።"

ሩፈይዳ ጎንበስ ብላ ሕፃኑን አየችውና ፊቷ ተለወጠ። "ሀጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሆስፒታሉ እዚሁ ቅርብ ነው። ይኼ ልጅ እኮ መተንፈስ አቅቶታል።"

"አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ?"

"አልሆንኩም። ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ሎጂክ ነው። ሰው 'ይህ እውነት ነው' ሲል፣ በምን አወቅህ ብሎ ማስረጃውን መመርመር ነው ትምህርቱ።"

"ለክርክር ደመወዝ ይከፈላል? ሱብሃነላህ! እኔ ዕድሜዬን በነፃ ስከራከር ኖርኩ!"

ተሳፋሪው ሳቀ። ማሂራ አልሳቀችም።

"እንግዲያው እኔም በነፃ ልጠይቅዎ" አለች ሩፈይዳ። "እንጥል መቁረጥ እንደሚያድን በምን አወቁ?"

"በዓይኔ አይቼ ነዋ! እኔ ተቆርጬ ይኸው ሽማግሌ ሆኛለሁ። ወንድሞቼ ተቆርጠዋል፤ ማሂራም ተቆርጣ ይቺው አለች። ጊንጆን ዞረሽ ጠይቂ፣ ስንቱ ይመሰክርልሻል።"

"የሚመሰክሩልኝ በሕይወት ያሉት ናቸው። ተቆርጠው የሞቱትን የት ሄጄ ልጠይቅ?"

ሩፈይዳ ወደ ሀጂ ጠጋ አለች።

"እርስዎ አጋሮ ቡና ሲገዙ የጆንያውን አፍ ብቻ አይተው ይከፍሉ ነበር?"

"አብጃለሁ እንዴ! ሻጭ ምርጡን ከላይ ነው የሚያደርገው። በብረት ወግቼ ከሆዱ ናሙና ሳላወጣማ አልገዛም።"

"አሁን ያሳዩኝ ታዲያ የጆንያውን አፍ ነው።"

ሰው ለገንዘቡ የሚጠነቀቀውን ያህል ለልጁ የማይጠነቀቅ መሆኑ የሚገርም ነው። እሳቸው ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም።

"እሺ፣ የዳኑትስ? ተቆርጠው ነው የዳኑት።"

"ከተቆረጡ በኋላ ድነዋል። ስለተቆረጡ መዳናቸውን ግን በምን እናውቃለን? ሳል ሳይቆረጥም ይለቃል፤ የጎረቤታችን የወርቅዬ ልጆች ማንም ሳይነካቸው አስሏቸው ድነዋል። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ፀሐይ ትወጣለች፤ እኛ ስለሰገድን ወጣች ይላሉ?"

"አስተግፊሩላህ! አልልም።" አሉ ሀጂ። "የሞተም ካለ አጀሉ፣ የተጻፈለት ቀን፣ ደርሶ ነው። ቢላዋው ምን አደረገ?"

"ይኸውልዎ ሀጂ። ልጁ ሲድን 'ጀማለዲን አዳነው' እንላለን። ሲሞት 'አላህ ወሰደው' እንላለን። መዳንም ሞትም ከአላህ ከሆነ እንዴት ምስጋናውን ለቢላዋ፣ ሬሳውን ለአላህ እናካፍላለን? እንዲህ ከሆነማ ጀማለዲን ምን ቢያደርግ ጥፋተኛ ይሆናል?"

ያን ጊዜ ማሂራ፣ ከቤት ከወጡ ጀምሮ ቃል ያልተነፈሰችው፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

"አባ፣ ፋሂምስ?"

ፋሂም ታናሽ ወንድሟ ነበር። እንጥሉን ተቆርጦ ደሙ አልቆም ብሎት ሞተ። የተነከረውን ጨርቅ ያጠበችው እሷ ነበረች፤ ያኔ ገና ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ያ ስም በዚያ ቤት አይነሳም። ሀጂም ሰው ሁሉ ፊት የተቆረጡ ልጆቻቸውን ሲቆጥሩ ማሂራን እንጂ ፋሂምን ቆጥረው አያውቁም።

ሽማግሌው የልጃቸውን ፊት አዩና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ሾፌር፣ በሩን ክፈትልን" አሉ።

ባጃጅ ይዘው ሦስቱም ሕፃኑን ሆስፒታል አደረሱት። ዶክተሩ የሳንባ ምች መሆኑን ነገራቸው፤ ኦክስጅን ተደረገለት፣ በመርፌ መድኃኒትም ተጀመረለት። "ሕመሙ ገፍቷል፤ መጀመሪያ ትንፋሹ ሲፈጥን ብታመጡት ጥሩ ነበር" አለ።

ሀጂ ኮሪደሩ ላይ ሩፈይዳን ጠየቋት። "ይድናል?"

"አላውቅም ሀጂ። ግን ቢድንም ባይድንም በአንድ ልጅ አይፈረድም። ቢድን 'ሩፈይዳ ረታች' አይበሉ።"

ጣሪቅ በማግስቱ አረፈ።

ልጁ ድኖ፣ ሽማግሌውም አምነው ነገሩ በደስታ ቢያልቅ ምንኛ ጥሩ ነበር። ሰው ግን ትክክለኛውን መንገድ የያዘው ዘግይቶ ከሆነ፣ መንገዱ ትክክል በመሆኑ ብቻ ያለፈው ጊዜ አይመለስለትም።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ የሀጂ የልብ ወዳጅ ሀቢቡላህ ራሱን እየነቀነቀ፣ "ሸቤ ብትወስደው ኖሮ ይኼኔ ይስቅልህ ነበር። ሆስፒታል የገባ ሕፃን መቼ ይወጣል? ያ መርፌ ነው የገደለው" አለ። ብዙዎች "እውነት ነው" አሉ።

ሀጂ ይህን ቢያምኑ ደስ ባላቸው። ጥፋቱን ከትከሻቸው ያወርድላቸው ነበርና። በጣም ፈለጉት። አንድን ወሬ ለማመን ይህን ያህል ከጓጉ ደግሞ በደንብ መመርመር እንዳለባቸው ታወቃቸው።

"ሀቢቡላህ፣ በምን አወቅህ?" አሉ።

"ሲሞት አይተን ነዋ!"

"እኛ ሆስፒታል የምንወስደው እኮ ሌላው ሁሉ አልሆን ሲለን፣ ሊሞት ሲቃረብ ነው። ከዚያ ሲሞት ሆስፒታሉ ገደለው እንላለን። ጀማለዲን የሞቱበትን ቆጥሮ ያውቃል? ዶክተሩ የዳነውንም የሞተውንም ይመዘግባል፤ ስለዚህ የእሱ ቃል ከእኔም ካንተም ይበልጣል። ቶሎ ብወስደው ይድን ነበር ብዬ አልምልም። ያዘገየሁት ግን እኔ ነኝ።" ወደ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሩ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ሞኙ ሁለት ልጅ እስክቀብር አልለቀቅኩም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ። ጅቡ ገና ያልደረሰባችሁ ግን ስሙኝ። ሕፃን አስሎት ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ጡት እንቢ ካለ፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ይየው። ቢላዋ አይንካው። ሰው ይኼ ያድናል ሲላችሁ የዳኑትን ብቻ አትጠይቁ፤ የሞቱትን ልጆች እናቶችም ጠይቁ። ፈራጁ እኔ ብሆን እንኳ፣ በምን አወቅህ በሉኝ።"

ሴቶቹ ቤት ውስጥ ሆነው በተከፈተው በር ይሰሟቸው ነበር። ኢፍቱ የምትባል ወጣት እናት ከመሃላቸው ተነሳች። ያዘለችው ልጅ ሲያስለው ነበር ያደረው። አማቷ ነጠላዋን ጎተት አድርገው፣ "ለቅሶ አቋርጠሽ ወዴት ነው? ነውር አይደለም?" አሏት።

ኢፍቱ አመነታች፤ ወደ ሐዘንተኛዋም ዞር አለች።

"ይልቀቋት" አለች ማሂራ። ድምጿ በለቅሶ ብዛት ጠፍቷል። "ሂጂ ኢፍቱ፣ የእኔ ለቅሶ ይደርሳል። እባካችሁ አንዳችሁ ባጃጅ ጥሩላት።"