ሀብታም የሆንኩባት ጠዋት

ሰው ሳይነግድ፣ ሳይወርስ በአንድ ጠዋት ሀብታም ይሆናል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ ኤረር በር አጠገብ ስፌት ሰፍቼ የማድረዋ ሆኛለሁ። «ያለው ብዙ፣ የሌለው ጥቂት ይገብር» ተብሎ የግብር ሹሙ ሀብት ሊገምቱ በየቤቱ ይገባሉ ተባለ። የእኛ ከተማ ሰው ደግሞ ሀብቱን፣ ጌጠኛ ሳህኑን፣ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቅለው። ጎረቤቴ ሀጂ፣ ትልቁ የቡና ነጋዴ፣ ይህን ሲሰሙ ሳህኑንም ምንጣፉንም «አደራ» ብለው እኔ ቤት ከመሩት። እኔ ደግሞ አመሌ ነው፣ ሳህን መሬት ላይ ሲቀመጥ ማየት አልችልም፤ አንድ በአንድ ሰቀልኩት!

ሹሙ ገብተው ግድግዳዬን ሲያዩ ደነገጡ። «የማን ነው ይሄ ሁሉ?» ሀጂ በሩ ላይ ቆመው ኖሮ ቀደሙኝ፤ «የእሷ ነው! እኔማ ምን አለኝ፣ አልሐምዱሊላህ!» ሹሙም የሀብታም ግብር ጣሉብኝ። ደሜ ፈላ። ግድግዳዬን ቀና ብዬ ሳይ ግን በረደልኝ። «እሺ ጌታዬ፣ እገብራለሁ» አልኩ። «ምንጣፉን ሸጬ እከፍላለሁ፤ የቀረው ለቤቴ ጌጥ ይበቃኛል። የእኔ ለመሆኑ ሀጂ ምስክሬ ናቸው።»

ሹሙ «መልካም» ብለው ወጡ። ሀጂ አንድ እግር ጫማቸውን ደጃፌ ላይ ጥለው ተከተሏቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣ «ጌታዬ፣ ይመለሱ! ሀብታሙ እኔ ነኝ! በአላህ፣ እኔ ነኝ!»