ድመቷ የበላችው እንቁላል

ልጄ በሳንባ ካንሰር ሆስፒታል ተኝቷል። ጾሙን ካልሻረ እግዜር ይምርልኛል ብዬ፣ የጾም ሽሮ ቋጥሬለት ከጠዳ ወደ ሆስፒታሉ በሚሄድ ታክሲ ተሳፈርኩ። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ከእህታቸው ጋር ተቀምጠዋል።

«አያ፣ ዛሬም ኪሎዎ ከቀነሰ የሳንባ ካንሰሩን መድኃኒት አይሰጡዎትም።»

«አይቀንስም አልኩሽ።»

«ሐኪሙ ምን አለ? ሰውነትዎ ከከሳ በሽታ የሚከላከለው ኃይልም ይደክማል፣ መድኃኒቱንም አይችሉትም አላለም?»

«እየበላሁ ነው እኮ!»

«የነፍስ አባትዎ ፈቅደው በየቀኑ የምቀቅለውን እንቁላል ማን በላው?»

«እኔ ነኛ።»

«ታዲያ ምነው ድመቷ እንዲህ ወፈረች?»

«እሷ ጾም የለባትም።»

ታክሲው በሳቅ ሞላ።

«ኪስዎ ውስጥ ደግሞ ይሄ የሚጎረብጠኝ ምንድን ነው?»

«ምንም።»

«አያ!»

«ድንጋይ ነው። ሚዛኑ ላይ ስወጣ ይረዳኛል ብዬ።»

«ወይ ጉድ! መድኃኒቱን ድንጋዩ ሊወጋልዎት ነው?»

«ምን ላድርግ? በጾም እንቁላል ስበላ እግዜር ቢያየኝስ?»

«ድንጋዩን አያይም?»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«እንቁላል ይዘሻል?» አሉ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስወርድ፣ የሽሮውን ሳህን እንዳቀፍኩ በመጀመሪያ የሄድኩት እንቁላል ወደሚሸጥበት ሱቅ ነበር።