በጎን የተሣለው ንጉሥ

«ይሄማ ክፉ ሰው ነው» አልኳት፣ ጣቴን ሥዕሉ ላይ አሳርፌ። የልጅ ልጄ ብርቄ ከትምህርት ቤቷ ያመጣችው የአንድ ጥንታዊ ንጉሥ ታሪክ ያለበት መጽሐፍ ነው። በማግስቱ ለክፍሏ ልጆች ልትተርከው ነበርና «እስቲ ያንብቡልኝ» ብላ ሰጠችኝ። እሷ ገና ፊደል እየለየች ነው። እሑድ እሑድ ዳዊት ይዤ ቤተ ክርስቲያን ስለምሄድ እኔ የማነብ ይመስላታል።

ብርቄ ደነገጠች። «ኧረ አባባ! መምህራችን በረሃብ ዘመን ጎተራውን ለሕዝብ የከፈተ ደግ ንጉሥ ነው ብለውናል።»

«ታዲያ ለምን በጎን ሣሉት? የቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ አላየሽም? ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ነው የሚያዩን። በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው።»

«ጽሑፉስ ምን ይላል?»

ነገ ልጆቹ ፊት የምትቆመው እሷ ናት፤ በእኔ ኩራት ልታፍር ነው። «ልጄ፣ እኔ ማንበብ አልችልም። ዳዊቱም የአባቴ ነው» አልኳት።

አልሳቀችም። አንዱን ገጽ ገለጠች፣ ሌላውንም ገለጠች፣ ከዚያ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ይዩት አባባ፣ እህሉን ሲሰጥ ወደ እኛ ዞሯል። ሁለት ዓይን አለው።»