በግማሽ የተከፈለ ዕዳ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣

አሠሪዬ ወይዘሮ ሀጀራ፣ ይህን አዳራሽ ይዘው፣ ይህን ሁሉ ሰው ጠርተው ስለሸኙኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድርያ እስከዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ የመጣችሁ ደግሞ የተለየ ምስጋና ይገባችኋል። ቤልትዌዩ መንገድ ላይ በመኪና ጭንቅንቅ ምን ያህል እንደቆማችሁ አውቃለሁ፤ እኔም አብሬያችሁ ቆሜ ነበር።

ስለ እኔ ጥሩ ጥሩውን ተናገራችሁ። በሽተኞቻችንን ከቤታቸው ወደ ኩላሊት እጥበቱ፣ ወደ ዳያሊሲስ፣ ከዳያሊሲስ ወደ ቤታቸው ሳመላልስ ሰዓት አክባሪ እንደነበርኩ፣ ቫኔም ንጹሕ እንደነበረች መሰከራችሁልኝ። እናንተ ስትናገሩ እኔ መሬት መሬቱን ሳይ ነበር። ትሕትና መስሏችሁ ይሆናል። አይደለም፤ አፍሬ ነው።

ባለቤቴ ውባንቺ እዚህ አጠገቤ ተቀምጣለች። ይህን ነገር ልናገር ነው ብዬ ትናንት ጠይቄያት ነበር። “ተናገር፤ እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ሳህኔን ነው የማየው” አለችኝ። ይኸው፣ ሳህኗን እያየች ነው።

ወገቤን ኦፕራሲዮን ሆኜ ወራት ቤት የተኛሁበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ? ላንድማርክ ሰፈር ቤቴ ድረስ ሾርባ ይዛችሁ እየመጣችሁ ጠይቃችሁኛል። እናንተ ስትመጡ እስቅ ነበር። ስትሄዱ ግን ኪራዩንም፣ አስቤዛውንም፣ የመኪናውን ኢንሹራንስም በክሬዲት ካርድ ነበር የምከፍለው። ወደ ሥራ ስመለስ ሦስቱም ካርዶች ሞልተው ነበር። በየወሩ የምልከው ገንዘብ ወለድ ይበላዋል፤ ዕዳው ካለበት ንቅንቅ አይልም።

አንድ ቀን ዕዳ ያስቀንሳል የተባለ ድርጅት ጋ ደወልኩ። ያነጋገረኝ ሰውዬ አማርኛ ይናገራል፤ ድምፁ እንደ ማር ነው።

“አቶ በፈቃዱ፣ ከዛሬ ጀምሮ ካርዶቹን መክፈል ያቁሙ። ገንዘቡን በየወሩ እኛ ጋ ያስቀምጡ። እኛ ተደራድረን በግማሽ እንጨርስልዎታለን።”

“ክሬዲቴስ? የብድር ታሪኬስ?” አልኩት።

“ትንሽ ይነካል፤ ከዚያ ይነሳል።”

ፈረምኩ። ለውባንቺ አልነገርኳትም። እሷ በጽዳት ሥራ እጇ ተልጦ ማታ ቫዝሊን ስትቀባ እያየሁ፣ ምን ብዬ ልንገራት?

መክፈል ሳቆም ስልኬ መጮህ ጀመረ። ከፔትዎርዝ ሰፈር በቫኔ የማመላልሳቸው አንዲት በሽተኛ እናት ነበሩ። ስልኩ ጮኾ ሲያበቃ እንደገና ሲጮህ፣ “በፈቃዱ፣ እንዲህ የምትወድህ ማናት? አንሳላት እንጂ!” አሉኝ። ሳቅኩ። ምን ላድርግ? የባንክ ዕዳ ሰብሳቢ ናት ልበላቸው?

እውነት ለመናገር፣ ሰውዬው አልዋሸኝም። ሁለቱን ካርዶች በግማሽ አካባቢ አስጨረሰልኝ። ለራሱም ድርሻውን ወሰደ። እኔ ግን ደስታዬን አልቻልኩትም። ታክስ ስሠራ፣ ባንኮቹ የተዉልኝ ግማሽ ዕዳ እንደ ገቢ ተቆጥሮ መጣብኝና ደስታዬ ትንሽ ቀዘቀዘ። ቢሆንም፣ ሦስተኛው ካርድ ቢቀርም፣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ከዚያ የምንኖርበት ሕንፃ ሊታደስ ነው፣ ልቀቁ ተባልን። እኔና ውባንቺ እዚያው ሰፈር ሌላ አፓርትመንት አየን። ወደዳነው። መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ፀሐይ ይገባዋል። ውባንቺ መጋረጃ መለካት ጀምራ ነበር። የማመልከቻችንን ውጤት ለመስማት ወደ ሕንፃው ቢሮ ስንገባ፣ የምታስተናግደን ልጅ የአገራችን ልጅ ሆና ተገኘች፤ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ትዘምራለች። ውባንቺ “ተመስገን፣ የራሳችን ሰው!” አለች። እኔ ግን ምነው የማታውቀኝ ሰው በሆነች አልኩ በልቤ።

ልጅቷ ኮምፒውተሩን አየች። እኔን አየችኝ። በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ፣ ለብቻ ልታነጋግረኝ እንደምትፈልግ ነገረችኝ።

ውባንቺ “በአማርኛ ንገሪን፤ የምን መደበቅ ነው?” አለቻት።

“እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጋሼ ክሬዲት አላለፈም። ሁለት ካርዶች ለወራት ሳይከፈሉ ቆይተው፣ በኋላ ከነበረባቸው ባነሰ ተከፍለው እንደተዘጉ ይላል። ሦስተኛውም አልተከፈለም።”

ውባንቺ ወደ እኔ ዞራ፣ “የምን ካርድ?” አለችኝ።

ልጅቷ ውሃ ላምጣላችሁ ብላ ወጣች። ውሃ ልታመጣ አልነበረም። ፊቴን ላለማየት ነው። የሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ ዘማሪዎቹ ከማያዩኝ ከምሰሶው ጀርባ ተቀመጥኩ።

ለቤቱ ዋስ ሆኖ ማን እንደፈረመልን ታውቃላችሁ? ልጄ ሮዳስ። ገና ሥራ መጀመሯ ነበር። ከጓደኛዋ ጋር ዲሲ ልትከራይ ቤት አግኝታ ነበር፤ ደሞዟ ለሁለት ቤት አይበቃም ስለተባለ ያንን ተወችው። እስክሪብቶዋን አንሥታ ስትፈርም እጇን አየሁት። ይህች እጇን ይዤ ትምህርት ቤት ያደረስኳት ልጅ ናት። “ይቅር በይኝ” አልኳት። “ዳድ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ሲግነቸር” አለችኝ። ለእሷ ፊርማ ብቻ ነው። እኔ ግን ያንን በር በከፈትኩ ቁጥር የልጄ ቤት መሆኑን አስባለሁ። ዛሬም አስባለሁ።

በዚያ ሰሞን ነው፣ ደሞዛችንን የምትሠራው ፋና መሥሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ የቫኔን ሞተር አጥፍቼ ተቀምጬ ያገኘችኝ። መስኮቱን አንኳኳች።

“ጋሼ፣ ሰው ሞተብዎ እንዴ?”

“አልሞተም።”

“ታዲያ ምነው?”

ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም፤ ደክሞኝ ይሆናል። ፋና አልደነገጠችም። “እኔም አልፌበታለሁ” አለችና፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ለትርፍ የማይሠራ የዕዳ አማካሪ ቢሮ ይዛኝ ሄደች። አማካሪዋ ሦስተኛውን ካርድ በሌላ መንገድ ያዘችው። ወለዱን አስቀነሰችልኝ፣ ካርዱ ተዘጋ፣ እኔም በየወሩ በቀኑ እየከፈልኩ ዋናውን ሙሉ በሙሉ ጨረስኩ። ረጅም ጊዜ ፈጀ። ሳልከፍል የዘለልኳቸው ወራት መዝገቡ ላይ አልጠፉም፤ ከዚያ በኋላ ግን በሰዓቱ የተከፈለው አብሮ ተጻፈ፤ መጨረሻውም “ሙሉ ተከፍሏል” ሆነ።

“ሁለቱንስ ማስፋቅ ይቻላል?” ብዬ አማካሪዋን ጠይቄያት ነበር። “እውነት የሆነውን ማንም አይፍቅልዎትም” አለችኝ። “መክፈል ካቆሙበት ጊዜ ጀምሮ ሰባት ዓመት ይቆያል። አስፍቅልዎታለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅዎት ቢመጣ፣ ይሽሹት።”

ሰባቱ ዓመት ገና አልሞላም። እኔ ጡረታ ወጣሁ፤ ዕዳው ግን ከመዝገቡ ገና አልወጣም።

ይህን ሁሉ ዛሬ፣ በዚህ የደስታ ቀን ለምን አነሣሁት? ሐሙስ ዕለት ከመካከላችሁ አንዱ ቫን ስናጥብ፣ “ጋሼ፣ ዕዳዬን በግማሽ የሚያስጨርስልኝ ድርጅት አገኘሁ፤ ሰኞ ልፈርም ነው” አለኝ። ምን ብመልስለት ጥሩ ነው? “ጎሽ፣ በርታ” አልኩት። ዕዳ እንደነበረብኝ ከሚታወቅብኝ ብዬ፣ የማውቀውን ሰው ዝም ብዬ ወደዚያ ላክሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ከካርዱ ይልቅ ያሳፈረኝ ይህ ነው።

ስሙን አልጠራም። ወንድሜ፣ ራስህን ታውቃለህ። አትፈርም አልልህም፤ ሌላ መውጫ የሌለው ሰው አለ። ግን “ትንሽ ይነካል” የሚሉህ ነገር የት የት እንደሚነካ እያወቅህ ፈርም። መጀመሪያ ለሚስትህ ንገራት። እኔ ከእንግዲህ ሥራ የለኝም፤ ሰኞ ጠዋት አማካሪዋ ጋ አብሬህ ሄጄ አጠገብህ እቀመጣለሁ።

ወይዘሮ ሀጀራ፣ ቫኖችዎ በሰላም ወጥተው በሰላም ይግቡ፤ ቤትዎ ሞልቶ ይፍሰስ። ፋና፣ ያንን መስኮት ያንኳኳሽበት እጅሽ ይባረክ። ውባንቺ፣ አሁን ቀና በይ፤ ጨርሻለሁ።

እናንተ ደግሞ ወዳጆቼ፣ ጤና አይለያችሁ። የምታፍሩበት ነገር ሲገጥማችሁ የምትነግሩት ሰው አይጥፋባችሁ። ዕድሜ ሰጥቶ፣ በሙሉ ስማችሁ ለልጆቻችሁ ለመፈረም ያብቃችሁ።