ቀዩና ሐምራዊው እኩል ይገባሉ

— ሄሎ? … ማን ልበል? … ገሊላ! ቆይ ልጄ፣ አንዴ ቆይ፣ እንዳትዘጊው።

(ስልኩን በነጠላዋ ሸፍና) — ዝም በሉ! ገሊላ ናት። ጥሩሸዋ፣ ልቅሶሽን ዋጥ አድርጊው። አባትሽን ዛሬ ቀበርን ብሎ የሚነግራት ካለ ከኔ ጋር ተቆራረጥን! ነገ ፈተና አላት። መርዶ በስልክ አይነገርም። ጨርሳ ስትመጣ እዚሁ በወጉ ትረዳለች።

— እሺ ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ? … ደህና ነን። … የማን ስልክ ነው? … የጥበቃው? እግዜር ይስጠው። ደብረ ብርሃንስ በረደሽ? … ጫጫታው? ማኅበር ነው። … ቀኑ ተላልፎ ነዋ! ምን አገባሽ፣ አንቺ ፈተናሽን ያዢ።

— አባትሽ? … የለም። ሞላሌ ወርዷል፣ በግ ሊሸጥ። … ስልኩን ትቶት ነው የሄደው። ምን ፈልገሽው ነው? ለእኔ ንገሪኝ። … አላውቅማ! አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ምን አውቃለሁ? ጆሮ ግን አለኝ። ባማርኛ ንገሪኝ።

— የብርሃን ምን? … ማገዶ? ብርሃን ደሞ ማገዶ አለው እንዴ? እኛ እንኳ ማገዶ አጥተን በኩበት… አሃ፣ ሞገድ! … እንደ ውሃ ከፍ ዝቅ እያለ የሚሄድ። እሺ። … ሳቂብኝ፣ ሳቂ። ሳቅሽን ልስማው።

— ቀስ በይ። የቀዩ ብርሃን ሞገድ ረጅም… የሐምራዊው አጭር… ድግግሞሽ ደሞ ምንድን ነው? … በአንድ ሰከንድ ስንቴ እንደሚመላለስ። እሺ። ታዲያ ምኑ ከበደሽ? … አጭሩ ለምን ወደ ኋላ አይቀርም? ኧረ አንቺ! ይህማ አንቺና አባትሽ ናችኋ!

— መሐል ሜዳ ገበያ ስትሄዱ ረሳሽው? እሱ ያን ቅልጥሙን ዘርግቶ አንዴ ሲራመድ፣ አንቺ በጎኑ ሦስቴ ቱር ቱር ትያለሽ። እርምጃሽ የሱ ሲሶ፣ ብዛቱ ግን የሱ ሦስት እጥፍ። እሱ አንድም ቀን እርምጃውን አላሳጠረልሽም፣ አንቺም አንድም ቀን አልቀረሽም። … አባዢዋ! ርዝመቱን በድግግሞሹ አባዢው። … ለሁለቱም አንድ መጣ? … ፍጥነቱ እሱ ነው? … በይ፣ ይኸው! ሞገዱ ሲረዝም ድግግሞሹ ያንሳል፣ ሲያጥር ይበዛል። አውቀሽው ነው የምታማርሪው?

(ፊቷን አዙራ) — እጅህን ሰብስብ ይሥሐቅ! ስልኩን አልሰጥህም። የወንድምህ ልጅ ናት፣ አውቃለሁ። የኔም ልጅ ናት።

— ምን አልሽ? … የአጎትሽ ድምፅ? ሬዲዮ ነው። … ይሥሐቅ ከአዲስ አበባ ምን ሊሠራ ይመጣል፣ በሥራ ቀን?

— ቅዳሜ መናኸሪያ? … እኔ እቀበልሻለሁ። … እሱማ… እግሩን ያመዋል። … ብርዱማ አይነካውም። ባናውን ደርቦ ነው የሄደው። … አዎ፣ አንቺ የወደድሽለትን፣ ጥቁሩን የሱፍ ባና።

— እነግረዋለሁ። … እሺ፣ እንደ ልጅነቴ እኩል እንገባለን ብላለች እለዋለሁ። … እሱማ… ሁልጊዜ እኩል ነበር የምትገቡት። ዘንድሮ ግን… ቀደመሽ፣ ልጄ።

— … ሄሎ? … የት ነው የቀደመኝ ትያለሽ? … ሞላሌ ነዋ! ሞላሌ አልኩሽ እኮ። … ገሊላ? ለምን ዝም ትያለሽ? ትሰሚኛለሽ? … ሄሎ… ሄሎ…

(ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ) — ተቋረጠ። ኔትወርኩ ነው። … ምን ታዩኛላችሁ? አልነገርኳትም። ይሥሐቅ፣ አጠገቤ ነበርክ፣ ሰምተሃል። አልነገርኳትም።